ሃምሳ ዶላር በጣሳ፤ የአንድ የልጆች ልቦለድ ታሪክ

ስለ ልጆች ሥነ ጽሑፍ ውይይት በተከፈተ ቁጥር ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ለልጅ ምን ይነገረው?» የሚል ነው። ልጅ ሞትን ይስማ ወይስ አይስማ፣ ድህነትን ይወቅ ወይስ ይሸሸግለት፣ ታሪኩ በደስታ ይደምደም ወይስ በእንባ፤ ክርክሩ በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህን ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ። ነጋሪው ማን ነው? ከየትኛው ኑሮ መጣ? ብዕርና ወረቀትስ ከየት አገኘ?

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ መጽሐፍ ታሪክ አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል። መጽሐፉ አሜሪካዊው ዊልሰን ሮልስ የደረሰውና በ1961 የታተመው «ቀዩ ፈርን የሚበቅልበት» የተሰኘ ልቦለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንባቢው ብዙ ነው፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለትውልዶች ሲነበብ ኖሯል። ይሁን እንጂ «የአንድ ልጅና የሁለት ውሾቹ ታሪክ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚታለፍ በውስጡ የተቀበረው የመሬትና የድካም ታሪክ እምብዛም አይወሳም። ደራሲው ራሱ ያለፈበት መንገድማ ከልቦለዱ የማይተናነስ ልቦለድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። ቢሊ ኮልማን የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ኦዛርክ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ከኢሊኖይ ወንዝ ዳር ከወላጆቹና ከእኅቶቹ ጋር ይኖራል። ልጁ የውሻ ፍቅር ይዞታል፤ ሆኖም የሚሻው ማናቸውንም ውሻ ሳይሆን የሠለጠነ ዘር ያላቸውን ሁለት የአደን ውሾች ነው። የአባቱ አቅም ይህን አይፈቅድም። ዓሣ አጥማጆች ትተውት በሄዱት ሰፈር ከወደቀ መጽሔት ላይ የውሾች ሽያጭ ማስታወቂያ ያገኛል፤ የአንዱ ዋጋ ሃያ አምስት ዶላር ነው። ቢሊ አንዲት አሮጌ የቤኪንግ ፓውደር ጣሳ ያነሣና መቆጠብ ይጀምራል። ለዓሣ አጥማጆች የመንጠቆ ምግብ የሚሆኑ ትናንሽ ዓሦችን ይሸጣል፤ አትክልት ይሸጣል፤ እሾህ እየቧጠጠው የዱር እንጆሪ ለቅሞ በባልዲ ለአያቱ ሱቅ ያስረክባል፤ በክረምት ትናንሽ አውሬዎችን አጥምዶ ቆዳቸውን ይሸጣል። ሃምሳው ዶላር እስኪሞላ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

ሮልስ ለዚህ ቁጠባ የሰጠው ቦታ ሊስተዋል ይገባል። በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ፣ ከተቀበረ ድስት የሚወጣ ወይም የደግ ሀብታም ስጦታ ነው። እዚህ ግን አንባቢው ልጅ እያንዳንዷ ሳንቲም ወደ ጣሳው ስትገባ ድምጿን ይሰማል። ውሾቹን ያዘዘው አያትየው ነው፤ የጣሳው ገንዘብ በፊቱ ሲፈሰስ ሽማግሌው ሊናገር ያቅተዋል። የውሾቹ ዋጋ በመሐል ወደ ሃያ ዶላር ዝቅ ብሎ ኖሮ አሥር ዶላር ይተርፋል። ውሾቹ በባቡር ወደ ታሌኳ ከተማ ሲመጡ ቢሊ በባዶ እግሩ ሌሊቱን ተጉዞ ይደርሳል፤ በተረፈው ገንዘብ ለአባቱ ቱታ፣ ለእናቱ የቀሚስ ጨርቅ፣ ለእኅቶቹ ከረሜላ ይገዛል። ቡችሎቹን በጆንያ ከትከት አድርጎ ተሸክሞ ሲወጣ የከተማው ሰው ይስቅበታል፤ የከተማ ልጆች ተሰብስበው ይደበድቡታል። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ገጠር ተወልዶ ከተማ የተማረ ሰው ሁሉ የታሌኳን ጎዳና የሚያውቀው ይመስለዋል።

ታሌኳ ግን እንዲሁ የገጠር ከተማ አይደለችም፤ የመጽሐፉ የተሰወረ ታሪክ የሚጀምረውም ከስሟ ነው። ታሌኳ የቸሮኪ ሕዝብ ዋና ከተማ ናት። ቸሮኪዎች የዚያ አገር ተወላጆች አልነበሩም። የጥንት መሬታቸው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ በጆርጂያና በአካባቢዋ ባሉት ተራሮች ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት በ1830 ባወጣው ሕግ መሠረት ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማሸጋገር ወሰነ። በ1838 እና በ1839 ዐሥራ ስድስት ሺህ ያህል ቸሮኪዎች በወታደር ተነድተው ከቤታቸው ወጡ። ከነዚህም እስከ አራት ሺህ የሚደርሱት በበሽታ፣ በብርድና በረኀብ እንዳለቁ ይገመታል። መንገዱ «የእንባ ጎዳና» ተብሎ ይጠራል። የተረፉት በ1839 ታሌኳን መናገሻቸው አድርገው እንደገና ጀመሩ።

ይህ ሕዝብ ለእኛ አንባቢ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው በሌላም ምክንያት ነው። ሴኮያ የተባለ የቸሮኪ አንጥረኛ፣ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው፣ ለብዙ ዓመታት ሲደክም ቆይቶ በ1821 ለቋንቋው ፊደል ፈጠረ። ፊደሉም እንደ ላቲኑ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ የሚጽፍ አልሆነም፤ እንደ እኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ተነባቢውን ከነአናባቢው የሚይዝ ነው። ብዛቱ ሰማንያ አምስት ነው። «ሀ ሁ ሂ» እያለ ያደገ ሰው የቸሮኪን ገበታ ቢመለከት ዝምድናው ወዲያው ይገለጥለታል፤ ልዩነቱ በቸሮኪው የአንድ ቤት ፊደላት በመልክ አለመመሳሰላቸው ነው። ሕዝቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በገዛ ፊደሉ ማንበብ ቻለ። በ1828 በቸሮኪና በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ታተመ። ከስደቱም በኋላ በ1841 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፤ በ1851 ለወንዶችና ለሴቶች ሁለት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በታሌኳ አጠገብ ተከፈቱ። በዚያ ዘመን ከብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይልቅ ቸሮኪዎች በትምህርት ቀድመው ነበር ማለት ይቻላል።

መሬታቸውም የጋራ ነበር። በአንዳንድ የሀገራችን ክፍሎች በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው የሚያርሰውን መሬት እንደልቡ እንደማይሸጥ ሁሉ፣ የቸሮኪ ገበሬም ባቀናው መሬት ላይ መጠቀም ይችላል፤ መሬቱ ግን የሕዝቡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥርዓት የሥልጣኔ እንቅፋት አድርጎ አየው። በ1887 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ መጀመሪያ ቸሮኪዎችን አልነካቸውም ነበር፤ በ1898 የወጣው ሌላ ሕግ ግን ድልድሉን በእነርሱም ላይ አስፈጸመ፤ ፍርድ ቤቶቻቸውን አፈረሰ፤ ትምህርት ቤቶቻቸውንም ከእጃቸው አወጣ። ለእያንዳንዱ በመዝገብ ለሰፈረ ሰው ከ110 ኤከር አማካይ መሬት ጋር የሚመዛዘን ድርሻ ተቆረሰለት። በ1907 ኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ሆና ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ተቀላቀለች። በ1908 የነባር ሕዝብ ደማቸው ከግማሽ በታች ነው የተባሉት ሰዎች መሬት እንዳይሸጥ ይጠብቀው የነበረው ገደብ ተነሣ። የሚሸጥ መሬት ባለበት ገዢ አይጠፋም፤ ደላላውና ባንኩ የቀረውን ፈጸሙት። በ1909 የሴቶቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሕንፃ ለክፍለ ሀገሩ ተሸጠ። የመሬት ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም።

ዊልሰን ሮልስ የተወለደው በ1913 ነው፤ ቦታው በታሌኳ ዙሪያ ባለው የቸሮኪ አውራጃ ስክሬፐር የምትባል መንደር። እናቱ የቸሮኪ ደም ነበረባት፤ ቤተሰቡ የሚኖርበትም መሬት በድልድሉ የደረሳት ድርሻ ነው። ነገሩን ጠጋ ብለን እንመልከተው። ከሰባ ዓመት በፊት የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ በታወጀበት አገር ለተወለደው ለዚህ ልጅ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አልነበረም። ያስተማረችው እናቱ ናት። አያቱ መጻሕፍት እያዘዘች፣ እናቱ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ልጆቹ በየተራ እየተቀበሉ ንባብን ለመዱ።

ልጁ መጻሕፍቱን አልወደዳቸውም ነበር። ስለ ልዕልቶችና ስለ ትንንሽ ልጃገረዶች የተጻፉ የሴት ታሪኮች ናቸው ብሎ ናቃቸው። አንድ ቀን ግን እናቱ በ1903 የታተመውን የጃክ ለንደንን «የዱር ጥሪ» አመጣች፤ በሰሜን በረዶ ውስጥ የሚሠቃይ የአንድ ውሻ ታሪክ ነው። ሮልስ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላማረውም። መጽሐፉን ይዞ በየጫካው ይዞር፣ ለራሱም ውሻ ያነብለት ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ወሰነ። ጃክ ለንደን ከልጅነቱ ጀምሮ በፋብሪካ የደከመ፣ ትምህርቱን በራሱ ጥረት ያሟላ፣ በሶሻሊስትነቱም የታወቀ ደራሲ እንደነበረ ስናስታውስ ከአንዱ ሠርቶ አደር ወደ ሌላው የተላለፈ ቅብብሎሽ ይታየናል። ለንደን በ1916 ሲሞት ሮልስ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ብዕርና ወረቀት ግን የለም። ሮልስ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው መጻፍን የተለማመደው በወንዝ ዳር አሸዋና በመንገድ አቧራ ላይ፣ በጣቱና በእንጨት ነው። የጻፈውን ነፋስ ወይም ጎርፍ ይወስደዋል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጽፋል። ይህን የሰማ የእኛ ሀገር ሰው የቆሎ ተማሪን ሰሌዳ ሳያስታውስ አይቀርም።

በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ቤተሰቡን ከመሬቱ ነቀለው። እንደ ሌሎቹ ብዙ ሺህ የኦክላሆማ ድኾች ወደ ካሊፎርኒያ ጉዞ ጀመሩ፤ መኪናቸው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአልበከርኪ አቅራቢያ ተበላሸች። አባትየው እዚያው በጥርስ ሳሙና ፋብሪካ ሥራ አገኘና ቀሩ። የወጣቱ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። አናጢ ሆነ። ሥራ ወዳለበት ሁሉ እየተንከራተተ በአላስካ፣ በካናዳና በደቡብ አሜሪካ ግድብ ሲገደብ፣ መንገድ ሲሠራ መዶሻ ይዞ ተገኘ። ማታ ማታ ይጽፋል። በገዛ አእምሮው የሰማውን እንጂ የሰዋስው መምህር ያስተማረውን አያውቅምና ሆሄያቱ የተሳሳቱ፣ ነጥብና ሰረዝ የሌላቸው ነበሩ። በዚህም ያፍር ነበር። የጻፋቸውን ለማንም ሳያሳይ በአባቱ ቤት ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። በዚህ ሁኔታ አምስት ረቂቆች ተከማቹ።

በ1950ዎቹ ማብቂያ ሮልስ አይዳሆ ውስጥ በአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የግንባታ ሥራ ላይ ሳለ በዚያው መሥሪያ ቤት የበጀት ሠራተኛ ከነበረችው ከሶፊ ጋር ተዋወቀ። በ1958 ሊጋቡ ሲሉ ረቂቆቹን አውጥቶ አቃጠላቸው። የተማረች ሚስቱ እነዚያን የተንሻፈፉ ሆሄያት እንድታይበት አልፈለገም፤ የጅል ሕልም ይዞ የኖረ ሰው ሆኖ እንዳይታያትም ፈራ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጽሐፍ ቃጠሎ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሳንሱርና ሠራዊት ነው። ይህ ቃጠሎ ግን ዘበኛ አላስፈለገውም። ድኻ ልጅ ሐሳቡ ሳይሆን ሆሄው እየተመዘነበት ሲያድግ ሳንሱሩን በውስጡ ይዞት ይዞራል፤ እሳቱንም የሚለኩሰው በራሱ እጅ ነው። በዚያች ቀን ስንት የእንጨት ሠሪ፣ የአጫጅ፣ የወዛደር ድርሰት በስንት ምድጃ እንደነደደ የሚቆጥር ቤተ መዛግብት የለም።

ከጋብቻው በኋላ ሮልስ ምሥጢሩን ለሚስቱ ተናገረ። ሶፊ አልሳቀችም፤ ከተቃጠሉት አንዱን እንደገና ጻፈው አለችው። ሮልስ የልጅነቱን ታሪክ መረጠና ከሥራ ተከልሎ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከትዝታው አወረደው። ሠላሳ አምስት ሺህ ቃላት ያህል ነበር፤ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ፣ ነጥብ የሌለበት። ረቂቁን ለሚስቱ ሰጥቶ፣ ስታነብ ላለማየት ከቤት ወጥቶ ሄደ። ቆይቶ በስልክ ሲደውል ቶሎ እንዲመለስ ነገረችው፤ ታሪኩን ወድዳዋለች፤ ማስረዘም ብቻ ይቀረዋል። ሮልስ ረቂቁን ከእጥፍ በላይ አስፋፋው። ሆሄያቱን ያረመችው፣ ነጥቡን ያስገባችው፣ በታይፕ የመታችው ሶፊ ናት። የመጽሐፉ ሽፋን የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዟል። እንደ እኔ አስተያየት የሥነ ጽሑፍ ታሪክ በእንዲህ ያሉ ሴቶች ላይ ያለበትን ዕዳ ገና አልከፈለም።

ታሪኩ በመጀመሪያ በ1961 «ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት» በተባለው መጽሔት «የወጣትነት ውሾች» በሚል ርእስ ተከፋፍሎ ወጣ። በዚያው ዓመት ደብልደይ የተባለው አሳታሚ በመጽሐፍ መልክ አወጣው። ሆኖም መጽሐፉ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ተደርጎ ለገበያ ስለቀረበ ለብዙ ዓመታት ፈላጊ አጣ። ከሕትመት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ ሮልስ በዩታ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የመምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ትልቅ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ የሕይወት ታሪኩን ተናገረ። መምህራኑ መጽሐፉን ይዘው ወደየክፍላቸው ተመለሱ፤ ለተማሪዎቻቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ያለው ዝናው ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነው። መጽሐፉን ከሞት የመለሱት ሐያስያንም ሽልማት ሰጪዎችም አልነበሩም። እናቱ በቤት ውስጥ ስታደርገው የነበረውን፣ ማለትም ለልጆች ጮክ ብሎ ማንበብን፣ መምህራን በክፍል ውስጥ ደገሙት።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንመለስ፤ የሮልስ ጥንካሬ የሚገለጠው ሥራን ሲጽፍ ነውና። የሚታደነው እንስሳ ራኩን ይባላል። በሀገራችን የለም፤ ቁመቱ ከጥርኝ የሚቀራረብ፣ በዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ የፊት እግሮቹን እንደ እጅ የሚጠቀም የሌሊት እንስሳ ነው። አደኑ የሚካሄደው በሌሊት ነው። ውሾቹ ሽታውን ይከተላሉ፤ አዳኙ ፋኖስና መጥረቢያ ይዞ ድምፃቸውን ይከተላል። ራኩኑ በውኃ ውስጥ ዋኝቶ ሽታውን ያጠፋል፤ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። በመጨረሻ ከአንድ ዛፍ ላይ ሲወጣ ውሾቹ ከግንዱ ሥር ቆመው አዳኙ እስኪደርስ ይጮኻሉ። ወንዱ ውሻ ኦልድ ዳን ጉልበተኛና ግትር ነው፤ ሴቷ ሊትል አን ትንሽ ናት፣ ነገር ግን የራኩኑን ተንኮል የምትፈታው እርሷ ናት።

ቡችሎቹን ለማሠልጠን የራኩን ቆዳ ያስፈልጋል፤ ያለ ሠለጠነ ውሻ ደግሞ ራኩን አይያዝም። አያትየው መላ ያስተምረዋል፤ በወደቀ ግንድ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከውስጡ የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ቁራጭ ይቀመጣል፤ ምስማሮች በሰያፍ ወደ ውስጥ ይመታሉ። ራኩን የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል፤ እጁን ሰዶ ቆርቆሮውን ይጨብጣል፤ የተጨበጠ እጅ በምስማሮቹ መካከል አይወጣም፤ ጭብጡን ለመልቀቅ ደግሞ ልቡ አይፈቅድለትም። አንድ ቆዳ ከተገኘ በኋላ አባትየው ወጥመዶቹን ሁሉ እንዲነቅል ያዝዘዋል፤ እንስሳው ማምለጫ የሌለው አደን አደን አይደለም ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ያላደረገው ሰው አይጽፈውም።

የቆዳው ገበያ ደግሞ ጫካውን ከሩቅ ከተሞች ጋር ያገናኘዋል። በ1920ዎቹ የምሥራቅ አሜሪካ ወጣቶች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የራኩን ቆዳ ካፖርት መልበስ ፋሽን አድርገውት ነበር። በመጽሐፉም የቆዳ ዋጋ በድንገት የሚወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ለመማር ዕድል ያላገኘ ልጅ በሌሊት ብርድ እየተንቀጠቀጠ የሚያድነው እንስሳ በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ ያርፋል። ሮልስ ይህን ግንኙነት በጥቂት ቃላት ይነካዋል እንጂ አይተነትነውም። ቢሊ ግን ከቆዳው ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ለአባቱ ይሰጣል፤ አባትም ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል።

የመጀመሪያው አደን ሁለት ቀን ፈጅቷል። ራኩኑ የወጣው በሸለቆው ካሉት ሁሉ በገዘፈው ሲካሞር ላይ ነው። (በስም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሾላ ጋር ቢመሳሰልም ዝርያው ሌላ ነው።) ቢሊ ውሾቹ ራኩን ዛፍ ላይ ካወጡለት የቀረውን እርሱ እንደሚፈጽም ቃል ገብቷልና ግንዱን መቁረጥ ይጀምራል። መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ይፈነዳል። በመጨረሻ ይጸልያል፤ ነፋስ ተነሥቶ ዛፉን ይገነድሰዋል። ለአንድ ቆዳ ሲባል የወደቀው ያ ዕፁብ ዛፍ የዛሬውን አንባቢ ያሳዝነዋል፤ እኔንም አሳዝኖኛል። ደራሲውም ያወቀው ይመስለኛል፤ ዛፉን ከልጁ ወዳጆች አንዱ አድርጎ ነው የጻፈው።

ድካሙ ሽልማት የሚያገኘው በታላቁ የአደን ውድድር ላይ ነው። ቢሊ፣ አባቱና አያቱ በአንድነት ይሄዳሉ፤ በበረዶ ማዕበል መካከል የወርቁን ዋንጫና ከሦስት መቶ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ያሸንፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የተራራ አንበሳ ይመጣል። ውሾቹ ጌታቸውን ለማዳን ይዋደቃሉ፤ ኦልድ ዳን በቁስሉ ይሞታል፤ ሊትል አን እህል አልቀምስ ብላ ከመቃብሩ ላይ ትሞታለች።

ቀድሞ የተነሣው ክርክር እዚህ ላይ ይመለሳል። ልጅ ይህን ያንብብ? ከዚያ በፊት በነበረ ምዕራፍ ሩቢን የተባለ ክፉ ልጅ በቢሊ መጥረቢያ ላይ ወድቆ ይሞታል፤ ቢሊም ውሎ አድሮ ከመቃብሩ ላይ አበባ ያኖራል። ለልጆች ብዙ ነው የሚሉ አሉ። በእኛ ሀገር ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ለቅሶ ቤት ይገባል፤ የሙሾውን ግጥም ከእሹሩሩው እኩል ይሰማል። ሞትን ከልጅ የሚደብቀው መጽሐፍ እንጂ ኑሮ አይደለም። ሮልስ ያደረገው ሞትን ማስዋብ አልነበረም፤ ቀባሪውን ልጅ በሥራ ማስጠመድ ነው። ሣጥኑን ራሱ ይሠራል፤ ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍራል። አናጢ የጻፈው ሐዘን እንዲህ ነው።

ቅሬታዬን ግን ልሸሽግ አልችልም። አባትየው ለልጁ የሚሰጠው ማጽናኛ አለ። ወላጆቹ ልጆቻቸው እንዲማሩ ወደ ከተማ መሄድ ይፈልጉ ነበር፤ ቢሊ ከውሾቹ ስለማይለይ ከአያቱ ዘንድ ሊተዉት አስበዋል። ስለዚህ እግዚአብሔር ቤተሰቡ እንዳይበተን ውሾቹን ወሰደ ይሉታል። ጉዞውን የሚቻል ያደረገው ግን የተጠራቀመው የቆዳና የውድድር ገንዘብ ነው፤ ጉዞውን የግድ ያደረገውም በመሬቱ ላይ ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው። ትምህርት ቤቱ የት ሄደ? ማን ወሰደው? መጽሐፉ የእናትየዋ መሬት የቸሮኪ ድልድል መሆኑን ገና ከመግቢያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል፤ የእንባ ጎዳናን፣ የጋራ መሬቱን መቆራረስ አያነሣም። ሁለት ጊዜ የተነቀለ ሕዝብ ልጆች ሦስተኛ ጊዜ ሲነቀሉ ጉዞው በረከት ተብሎ ተጽፏል። ሮልስ ለውሾቹ ያፈሰሰውን እንባ ሩብ ለመሬቱ ቢያካፍል ኖሮ መጽሐፉ ከዚህ በላይ ይሆን ነበር።

ምናልባት ያልተነገረው ነገር ወደ ፈርኑ ገብቶ ይሆናል። ፈርን በጥላና በእርጥብ ሥፍራ የሚበቅል አበባ የሌለው ቅጠል ነው። ቤተሰቡ ሊሄድ ጓዙን ሲጭን ቢሊ ወደ መቃብሮቹ ይሮጣል፤ በሁለቱ መካከል ቀይ ፈርን በቅሎ ያገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚነገረው የጥንት የነባር ሕዝብ ተረት በበረዶ ጠፍተው ስለሞቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጆች ነው፤ በመካከላቸው የበቀለው ቀይ ፈርን ዘሩን መልአክ ብቻ የሚተክለው፣ የበቀለበትም ሥፍራ ለዘለዓለም የተቀደሰ ነው። ወደ ከተማ የሚሰደድ ቤተሰብ በመሬቱ ላይ ትቶት የሚሄደው ብቸኛ የባለቤትነት ምልክት በተረት የተጻፈ ነው።

መጽሐፉ በ1974 እና በ2003 በፊልም ተሠርቷል። ሮልስ ሁለተኛ ልቦለዱን በ1976 አሳትሞ በ1984 ዊስኮንሲን ውስጥ አረፈ። ረቂቁን እንደገና በጻፈባት በአይዳሆ ፎልስ ከተማ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት የአንድ ልጅና የሁለት ውሾች ሐውልት ቆሟል። ቸሮኪዎችም በ1970ዎቹ አስተዳደራቸውን እንደገና በሕገ መንግሥት አቋቁመው መናገሻቸውን ታሌኳን አድርገዋል፤ የሴኮያ ፊደልም በትምህርት ቤቶቻቸው ይሰጣል። በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጎረቤታቸው በማስኮጊ ሕዝብ ጉዳይ ላይ የሰጠውን ውሳኔ ተከትሎ በ2021 የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት የቸሮኪ ክልል በሕግ ፈርሶ እንደማያውቅ ወሰነ። ክልሉ ታሌኳን ከነዙሪያዋ፣ ቢሊ ፋኖሱን ይዞ የሮጠባቸውን የኢሊኖይ ወንዝ ሸለቆዎችም ጭምር ይይዛል።